ስለ ጦርነት ጨዋታና ስለ ክርስቲያን ልብ

ወዳጄ ሆይ፥ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 2 አንድ የሚያስፈራ ጨዋታ ተጽፎ ይገኛል። ሳኦል ከሞተ በኋላ የሳኦል ቤት የጦር አለቃ አበኔር ከወገኑ ጋር፥ የዳዊትም የጦር አለቃ ኢዮአብ ከወገኑ ጋር በገባዖን ኩሬ አጠገብ ተገናኙ። አንዱ ከኩሬው ወዲህ፥ ሁለተኛውም ከኩሬው ወዲያ ተቀመጠ። አበኔርም ጐበዛዝቱ ተነሥተው በፊታቸው እንዲጫወቱ አሳብ አቀረበ፤ ኢዮአብም እሺ አለው። ከየወገኑ 12 ሰዎች ተነሡ። ነገር ግን ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ አልቈየም፤ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ራስ ይዞ ሰይፉን በጎኑ ሻጠበት፥ 24ቱም ባንድነት ወደቁ። በዚያ ቀን ከአበኔር ሰዎች 360፥ ከዳዊትም ሰዎች 19ና የኢዮአብ ወንድም አሣሄል ሞቱ። ቈይቶም ኢዮአብ የወንድሙን ደም ለመበቀል አበኔርን በኬብሮን በር በተንኰል ገደለው። በጨዋታ ስም የተጀመረው ነገር በቂም ተፈጸመ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በዘመናችን ያሉ ብዙ ጐበዛዝት፥ ከነርሱም ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ያሉ ብልሆች፥ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የመንግሥታትን ጦርነት በሚመስል ጨዋታ ሌሊቱን ስለሚያሳልፉ ነው። አንዳንድ ወላጆች ነገሩን ሳይመረምሩ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ይቈጣሉ። ልጆቹም በበኩላቸው፥ ጨዋታ ብቻ ነውና ምን አለበት ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን ነገሩን እስከ መጨረሻው አላዩትም። እንግዲህ በትዕግሥት እንመርምረው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጦርነትን በጨዋታ መምሰል አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን መሳፍንቱና መኳንንቱ ንጉሡና ፈረሱ የሚሰለፉበትን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በ1824 ራይስቪትስ የሚባል የፕሩስያ መኰንን በካርታ ላይ በትንንሽ ምልክቶች የሚደረግ የጦር ጨዋታ አወጣ፤ የፕሩስያም ጦር መኰንኖቹን አስተማረበት። በ2003 ደግሞ በአይስላንድ አገር በሬይክያቪክ ከተማ ያለው ሲሲፒ የሚባል ኩባንያ ኢቭ ኦንላይን የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረበ። የሚያስገርመው ነገር፥ አይስላንድ ለራስዋ ቋሚ ሠራዊት የሌላት አገር ናት፤ ነገር ግን በዓለም ከታወቁት የጦርነት ጨዋታዎች አንዱ ከርስዋ ወጣ።

በዚህ ጨዋታ ከብዙ አገር የሆኑ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት ይገናኛሉ። በውስጡ ከ5,000 የሚበልጡ የከዋክብት ግዛቶች አሉ። ተጫዋቾቹ ማዕድን ይቈፍራሉ፥ ይነግዳሉ፥ የሰማይ መርከብ ይሠራሉ፤ በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚገኝበትን ኅብረት ያቆማሉ፤ መልእክተኛ ይልካሉ፥ ውል ይዋዋላሉ፥ ጦርነትም ያውጃሉ። ኩባንያው ሜዳውን አዘጋጀ እንጂ ጦርነቱን አልጻፈም። ጠቡም ዕርቁም ከተጫዋቾቹ ከራሳቸው ልብ ይወጣል። ስለዚህ ይህ ጨዋታ እንደ መስተዋት ነው፤ በፊቱ የቆመውን ያሳያል።

ከጦርነቶቹ አንዱን ልንገርህ። በጃንዋሪ 2014 ከኅብረቶቹ አንዱ ቢ-አር5አርቢ የሚባለውን ግዛት ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ግዛት የያዘ ሁሉ በየጊዜው የሚከፈል ግብር ነበረበት። ይህ ግብር በራሱ ይከፈላል ተብሎ ታስቦ ሳለ ሳይከፈል ቀረ፤ ግዛቱም ባለቤት አጣ። ጠላቶቹ ይህን ባዩ ጊዜ ፈጥነው ገቡ፤ ከሁለቱም ወገን ጦር በላይ ጦር ተጠራ። ውጊያው በ27ኛው ቀን ተጀምሮ እስከ 28ኛው ቀን 21 ሰዓት ያህል ቈየ። በጠቅላላው 7,548 ተጫዋቾች ተካፈሉበት። ታይታን ከሚባሉት እጅግ ታላላቅ መርከቦች 75 ተሰበሩ። የጠፋው ሁሉ በእውነተኛ ገንዘብ ቢተመን ከ300,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገመተ። በ2020 መጨረሻ በተደረገው በሌላ ውጊያ ደግሞ 257 ታይታኖች ተሰበሩ። አንድ ሳንቲም የሚያህል ቸልተኝነት ምን ያህል እሳት እንደሚያነድድ ተመልከት፤ ይህ በጨዋታው ብቻ ሳይሆን በምድርም መንግሥታት ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

አሁን ግን አንተ፥ በዚህ ሁሉ የማን ደም ፈሰሰ? ትለኝ ይሆናል። እውነት ብለሃል፤ የማንም ደም አልፈሰሰም። መርከቦቹ ብርሃንና ቍጥር ናቸው እንጂ ብረትና እንጨት አይደሉም። በዚያ የሞተ ሰው ወዲያው በሌላ አካል ይነሣል። እግዚአብሔርም ኀጢአት ያላለውን ነገር እኛ ኀጢአት ብለን በሰው ጫንቃ ላይ ሸክም ልንጨምር አይገባንም። ልጆች በገና ቀን ሜዳ ወጥተው ሩሩን ሲመቱ ጌታው ከሎሌው ጋር ይጋፋል፤ ቢመታም አይቈጣም፤ ይህን ያገራችን ልማድ ማንም አይነቅፈውም። አሳብን የሚያሠራ፥ ሰዎችን ባንድነት የሚያስማማ ጨዋታ በልኩ ሲሆን ለደከመ አእምሮ ዕረፍት ነው። ይህን ሁሉ እንቀበላለን።

ነገር ግን፥ ወዳጄ ሆይ፥ በሐሰተኛው ጦርነት ውስጥ ሐሰተኛ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። ጊዜህ እውነተኛ ነው፤ ቃልህ እውነተኛ ነው፤ በመርከቡ ውስጥ ያለው ባልንጀራህም እውነተኛ ነው። እግዚአብሔር ስለ መርከቦቹ አይጠይቅህም፤ ስለነዚህ ስለ ሦስቱ ግን ይጠይቅሃል።

ፊተኛው ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ተማሪ እናስብ። በጨዋታው የገባበት ኅብረት አለቆች በአሜሪካ ይኖራሉ። እነርሱ ከሥራ ተመልሰው፥ ራታቸውን በልተው፥ ማታ ለጦርነት ሲሰለፉ፥ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ጥሪው ሲደርሰው ይህ ተማሪ ከአልጋው ይነሣል። እናቱ በማለዳ ውኃ ቅዳልኝ ብላ በለሆሳስ ስትጠራው አልሰማ ያለው ልጅ፥ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው አለቃ በመንፈቀ ሌሊት ይታዘዛል። ለጸሎት ዐሥር ደቂቃ መቆም የከበደው ጕልበት ለመርከቦቹ ዘብ ሲቆም ያነጋል። በትምህርት ቤትም መምህሩ ሲናገር ዓይኑ ይከደናል። አባቱ ስለ ትምህርቱ የከፈለው ገንዘብ እውነተኛ ነው፤ የፈተናውም ቀን እውነተኛ ነው፤ ያለፈው ሌሊት ግን ተመልሶ አይመጣም። የተሰበረ መርከብ በሌላ ይተካል፤ የተሰበረ ዓመት በምን ይተካል?

ደግሞ ይህን አስተውል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። መታዘዝን፥ መታገሥን፥ ስለ ወገኑ ዕንቅልፉን መተውን ያውቃል። እነዚህም መልካም ነገሮች ናቸው። ጥፋቱ መልካሙን ወርቅ አውጥቶ በማይገባው ገበያ መስጠቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ የምትገሥጽ ወላጅ ሆይ፥ ሰነፍ ብለህ አትስደበው፤ ሰነፍ እንዳልሆነ ራሱ ያውቃልና አይሰማህም። ይልቅስ ይህን ትጋት የሰጠህ ማን ነው? ለማንስ ልትሰጠው ይገባሃል? ብለህ ጠይቀው።

ሁለተኛው ቃል ነው። በ2005 በዚህ ጨዋታ የሆነውን ስማ። በክፍያ የሚሰልሉ ሰዎች ወደ አንድ ማኅበር ሰርገው ገቡ። ብዙ ወራት አብረው ሠሩ፥ አብረው ተዋጉ፥ ከነርሱም አንዱ የአለቃውን ፍጹም አመኔታ አገኘ። ከዚያም ባንድ ቀን ምልክት ተሰጠ፤ ግምጃ ቤቱን ዘረፉ፥ የታመነውም ሰው በአለቃው ላይ ጦር አነሣ። የተወሰደው ንብረት 16,500 ዶላር ያህል ተገመተ። በ2009 መጀመሪያ ደግሞ ከታላላቆቹ ኅብረቶች አንዱ በጦር ሜዳ ሳይሸነፍ፥ ከሹማምንቱ አንዱ ወደ ጠላት ዞሮ በሥልጣኑ ኅብረቱን በተነው። የጨዋታው ሕግ ይህን አይከለክልም። እንዲያውም ብዙዎች አድንቀው ያወሩታል።

እንግዲህ ምን እንላለን? በሰንጠረዥ ላይ ወጥመድ ማኖር ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሊያጠምድ እንደ ተቀመጠ ያውቃሉና። በጨዋታው ጦርነትም መርከቦችን ሰውሮ ማድባት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ወራት ሙሉ የአንድን ሰው ቤተሰብ ጤንነት እየጠየቁ፥ ኀዘኑን እየሰሙ፥ ወንድሜ እያሉ፥ በልብ ግን እርሱ የሚወድቅበትን ቀን መቍጠር፥ ይህ በሰንጠረዡ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። ያ ሰው መርከቡን ሊያጣ ተስማምቶ ገብቶአል፤ ወዳጅነቱ ሐሰት እንዲሆን ግን አልተስማማም። በልቡ የገባው ቍስል ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም። ከዚህም የከፋው ጕዳት በከዳው በራሱ ላይ ነው። ወራት ሙሉ ፊትንና ልብን መለየትን የተማረ ሰው፥ ይህን ትምህርት ወደ ቢሮው፥ ወደ ንግዱና ወደ ትዳሩ ይዞት ይሄዳል። ሰው እጁን ያሠለጠነበትን ነገር እጁ በጨለማ እንኳ ያገኘዋል።

ሕጉ ይፈቅዳል የሚል ቢኖር፥ እኛ ክርስቲያኖች የምንመራው ሕግ በሚፈቅደው ብቻ አይደለም ብለን እንመልስለታለን። ነገሩ ምሳሌ ነው እንጂ እውነት አይደለም የሚል ቢኖር ደግሞ ነቢዩ ናታንን ያስታውስ። ናታን ለዳዊት ስለ አንዲት በግ በነገረው ጊዜ፥ በጊቱ አልነበረችም፥ ባለጠጋውም አልነበረም፤ የዳዊት ቍጣ ግን እውነተኛ ነበረ፥ ፍርዱም በራሱ ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር በምናብ ነገር የሰውን ልብ ገልጦ ያሳያል። ጌታችንም ሰይፍ ያልመዘዘውን ነገር ግን በወንድሙ ላይ በልቡ የተቈጣውን ለፍርድ የሚገባ አድርጎ አስተምሮናል። ስለዚህ፥ ጨዋታ ነው ማለት ልብን ከምርመራ አያድነውም።

ሦስተኛው ባልንጀራ ነው። በዚህ ጨዋታ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሾን ስሚዝ ነበረ። እርሱ የአሜሪካ የውጭ ጕዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን በጨዋታው ደግሞ ለኅብረቱ መልእክተኛና አስማሚ ነበረ። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 በሊቢያ በቤንጋዚ ከተማ የአሜሪካ የዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤት በተወጋ ጊዜ፥ ከአምባሳደሩ ከክሪስቶፈር ስቲቨንስ ጋር ሞተ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ወዳጆቹ ብቻ ሳይሆኑ በጨዋታው ሲዋጉት የነበሩት ደግሞ አዘኑ። በብዙ ግዛት ያሉትን ጣቢያዎች በእርሱ መታሰቢያ ስም ሰየሙአቸው። ያን ጊዜ ከመርከቡ በስተኋላ ሰው እንዳለ፥ ለርሱም ሚስትና ልጆች እንዳሉት ለሁሉ ተገለጠ። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ለማወቅ የሞት ወሬ ልንጠብቅ ይገባናልን?

በ2013 ደግሞ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን በመታ ጊዜ፥ ተጫዋቾቹ ለጦርነት ያከማቹትን ሀብት ሰጥተው፥ ኩባንያው በገንዘብ መንዝሮት፥ ከ190,000 ዶላር በላይ ለቀይ መስቀል ተላከ። በሐሰተኛው ዓለም የተሰበሰበው ሀብት በእውነተኛው ዓለም ለተራቈተ ሰው ልብስ፥ ለተራበም እንጀራ ሆነ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ በራሱ ክፉ አለመሆኑን ተመልከት። እጁ እንደ ልቡ ይሠራበታል።

ከዚህ በላይ ግን አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ፤ ልቤም ስለዚህ ዝም ሊል አልቻለም። ጨዋታው ጦርነትን መምሰሉ ትንሽ ነገር ነው፤ ጦርነቱ ጨዋታ መምሰሉ ግን ታላቅ ጥፋት ነው። በአገራችን ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተደረገውን ጦርነት ሁላችን እናውቃለን። ያን ጊዜ በከተማ ያሉ፥ በባሕር ማዶም በሰላም አገር የተቀመጡ ብዙ ሰዎች፥ ከየወገኑ፥ ስልካቸውን ይዘው እንደ ኳስ ተመልካች ድልን ይቈጥሩ ነበር። ይህ ከተማ ተያዘ ሲባል እልል፥ ያ ተለቀቀ ሲባል ደግሞ ግፋ፥ በለው ይሉ ነበር። የሞተውን ሰው እንደ ነጥብ ቈጠሩት። ነገር ግን በዚያ የወደቀው ጐልማሳ በሌላ አካል አልተነሣም። እናቱ ዛሬም በሩን ታያለች። በኖቬምበር 2 ቀን 2022 በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም፥ ስልክ ይዞ የጮኸው ሰው ስልኩን በኪሱ ከቶ ወደ ሥራው ሄደ፤ እጁን ወይም እግሩን ያጣው ግን እንዳጣ ቀረ።

አበኔርና ኢዮአብ በኩሬው ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ነበር። እነርሱ አልተነሡም፤ ጐበዛዝቱን አስነሡ እንጂ። ተቀምጦ ሌላውን ወደ ሰይፍ መላክ እንዴት ቀላል ነው! የመጀመሪያዎቹም 24 ሰዎች ስማቸው እንኳ አልተጻፈልንም። ተቀምጦ የሚያጫውት ሰው ስሞችን አይጠይቅምና። ዛሬም በኮምፒዩተር ፊት በሺህ የሚቈጠሩ መርከቦችን ወደ ጥፋት መላክን የለመደ ጣት፥ ስለ እውነተኛው ሠራዊት ሲጽፍ ደግሞ በዚያው ልማድ እንዳይጽፍ ይጠንቀቅ። ጨዋታው ይህን ያደርጋል ብለን ሁሉን አንወቅስም፤ ብዙዎች ተጫውተው ልባቸውን የጠበቁ አሉና፤ ብዙዎችም ምንም ጨዋታ ሳያውቁ በሰው ደም ተጫውተዋል። ነገር ግን ሁላችን ልባችንን እንመርምር።

እንግዲህ የምትጫወት ወጣት ሆይ፥ ይህን ምክር ከወንድምህ ተቀበል።

አንደኛ፥ ሰዓትህን ከመጀመርህ በፊት ወስን፤ ከጀመርህ በኋላ አትወስንም፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ ይወስንልሃልና። ለጸሎት፥ ለትምህርት፥ ለወላጆችህና ለዕንቅልፍ የሚገባውን ሰዓት ለማንም የጦር አለቃ አትስጥ። ጥሪው ሲመጣ አልችልም ማለትን ተማር። አልችልም ማለት የማይችል ሰው ተጫዋች አይደለም፥ ባሪያ ነው እንጂ።

ሁለተኛ፥ በጨዋታው ውስጥ ቃል ከሰጠህ ጠብቅ። ውሉን ማፍረስ ጥቅም ቢኖረው እንኳ ጠብቅ። ምናልባት በዚህ ግዛት ታጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በሚከዳበት ስፍራ የማይከዳ አንድ ሰው ቢገኝ፥ ይህ ሰው ማን ነው? ስለ ምንስ እንዲህ ሆነ? ብለው ይጠይቃሉ። ለጌታህ ምስክር የምትሆንበት ስፍራ እዚያም ነው።

ሦስተኛ፥ ጠላት ብለህ የምትዋጋውን ሰው አትስደብ፥ ዘሩንና አገሩንም አትንቀፍ። ስታሸንፍ አትሳለቅበት፤ ስትሸነፍም ቂም አትያዝ። መርከቡን ስበር እንጂ ልቡን አትስበር። ተስፋ የቈረጠ ወይም የታመመ ባልንጀራ ባገኘህ ጊዜ ጦርነቱን ትተህ አነጋግረው። በጠላቶች መካከል አስማሚ ትሆን ዘንድ ዕድል ብታገኝ ደስ ብሎህ ተቀበለው፤ የሚያስታርቁ ሰዎች በእግዚአብሔር ዘንድ የልጅነት ስም አላቸውና።

አራተኛ፥ የጨዋታውን ቋንቋ በጨዋታው ተወው። ስለ አገርህና ስለ ጎረቤትህ ስትናገር፥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነፍስ ብቻ እንዳለው አስብ። ከመጻፍህ በፊት፥ ይህን ቃል የዚያ ወታደር እናት ብታነብበው ምን ትላለች? ብለህ ራስህን ጠይቅ።

እነዚህን አራቱን ልትጠብቅ ብትችል ተጫወት፥ አምላክህንም አመስግን። ልትጠብቃቸው ባትችል ግን ተወው። ነጻነትህን ያለ ጨዋታ መያዝ ከጨዋታ ጋር ነጻነትህን ከማጣት ይሻልሃል።

በመጨረሻም ይህን አስብ። ከመንግሥታት ሁሉ በላይ የሆነው ንጉሥ ከሩቅ ተቀምጦ እኛን ወደ ሞት አልላከንም። እርሱ ራሱ ከዙፋኑ ተነሣ፥ ወደ እኛም መጣ፥ የኛን ቍስል በራሱ ሥጋ ተቀበለ። ቍስሉም የሐሰት አልነበረም። ለርሱ ከመቶ በጎች አንዲቱ እንኳ ቍጥር አይደለችም፤ ያንተንም ስም ያውቃል። እንዲህ ያለ አለቃ ያለው ሰው ጊዜውን፥ ቃሉንና ባልንጀራውን እንዴት ሊንቅ ይችላል? የሰላም አለቃ የተባለው ጌታ ልባችንን ይጠብቅ፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥ። አሜን።